ከኋላው የተቆነጠጠው ኮት

ሰውን ኮሌጅ የሚያስገባው ኮት መሆኑን ከኔ በቀር በቤታችን የሚያውቅ አልነበረም። ሌሎቹ ስለ ሒሳብ፣ ስለ አማካይ ውጤት፣ ስለ መግቢያ ነጥብ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። እኔ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ እሰማቸውና አዝንላቸው ነበር። ይህን ያህል አድጎ አፍንጫው ሥር ያለውን ነገር አለማየት እንዴት ያለ መከራ ነው!

ኮቱ በአባዬ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ጥቁር ነው፤ ጥቁር ነበር ማለት ይሻላል። ክርኑ ከመታሸት ብዛት ያብረቀርቃል። አባዬ ሲገዛው ሆን ብሎ ሰፊ አድርጎ ነው የገዛው። "ሰፊ ኮት ይጠባል፤ ጠባብ ኮት ግን አይሰፋም" ይል ነበር። የኮሌጅ ማመልከቻ ላይ የሚለጠፍ ጉርድ ፎቶ ኮትና ክራቫት ይፈልጋል ተብሎ ስለሚታመን፣ የሰፈሩ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ወንድ ሴት ሳይል ያንኑ ኮት ይለብሳል። ቀጭኑ ሲለብሰው አባዬ ከኋላው ዞሮ ትርፉን ይሰበስብና በልብስ መቆንጠጫ ቀጨም ያደርገዋል። ከፊት ሲያዩት የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው። ከኋላ ሲያዩት ልብስ የተሰጣበት ገመድ።

"አገጭ ቀና! ትንፋሽ ያዝ! ኮሌጁ እያየህ ነው!" ይላል አባዬ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ።

ማስረጃ አልነበረሽም እንዳትሉኝ። ወደ መንገድ በሚያየው ትልቁ መስታወት ውስጥ አባዬ የተማሪዎቹን ፎቶ አሳድጎ ይደረድራል። ውጤት ከወጣ በኋላ መንገደኛው እየቆመ "ይቺ ሕክምና ገባች፣ ይሄ ምህንድስና ገባ" እያለ በጣቱ ያሳያል። እኔም አንድ በአንድ አጥንቻቸዋለሁ። መስታወቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ኮሌጅ ገብተዋል፤ ሁሉም ያንን ኮት ለብሰዋል። ኮቱን ለብሶ ያልገባ አንድም ሰው አላየሁም። ያልገቡትስ የት ሄዱ ብዬ መጠየቅ የመጣልኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

በዚያ ዓመት ተራው የወንድም ጋሼ ነበር። እኔ ደግሞ በነገሩ ውስጥ የራሴ ጥቅም ነበረኝ። እሱ ኮሌጅ ሲሄድ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋው የኔ እንደሚሆን እማዬ አፏን ሞልታ ቃል ገብታልኛለች። እስከዚያ የምተኛው መሬት ላይ በምትነጠፍ ፍራሽ ነበር፤ ማታ ትዘረጋለች፣ ጠዋት ተጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ትወጣለች። የወንድም ጋሼ አልጋ ግን ቀኑን ሙሉ አልጋ ነው። ለወንድሜ ኮሌጅ መግባት እንደኔ የጸለየ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን የወንድም ጋሼ የሒሳብ አስተማሪ ለመታወቂያ የተነሳውን ጉርድ ሊወስድ መጣ። ባንኮኒው ላይ ሆና ፎቶ የምትቆርጠው እማዬ ነበረች።

"እትዬ፣ ልጁ ጭንቅላት አለው" አላት። "አምና እኮ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። ዘንድሮ ግን ሒሳብ ላይ ልቡ የለም። የቤት ሥራውን እንኳ እያዛጋ ነው የሚሰጠኝ።"

"ምን ይሻላል ታዲያ?"

"የመጨረሻው ፈተና ላይ ካላካካሰ ይቸግረዋል። የአራቱም ዓመት ውጤት ነው የሚደመረው። አንዱ ሲወርድ ሌላውንም ይዞት ይወርዳል። መግቢያው ደግሞ ዘንድሮ ከፍ ይላል ይባላል።"

እማዬ ክው ብላ መቁረጫውን ስታሳርፈው የአስተማሪውን ቀኝ ጆሮ ከአንዱ ጉርድ ላይ ቆርጣ ጣለችው።

"ኮቱን ይልበስና ይገላገል!" አልኩ ከጠረጴዛው ሥር።

"አንቺ ቁንጫ፣ የትልቅ ሰው ወሬ መሃል ምን ጥልቅ አደረገሽ?" አለችኝ። ቁንጫ ያወጡልኝ ስም ነው፤ ከየት እንደምወጣ ስለማይታወቅ። ጆሮውን ከመሬት አንስቼ ለአስተማሪው ሰጠሁት፤ አመስግኖ ኪሱ ከተተው።

የወንድም ጋሼ ልብ የት እንደነበረ እኔ አውቅ ነበር። ከትምህርት ቤት እንደመጣ ደብተሩን ወርውሮ የአባዬን ወንበር ይይዛል። በደንብ የተቀረጸች እርሳስ ይዞ፣ የታጠበውን ፊልም፣ ኔጌቲቩን፣ ብርሃን ላይ ዘርግቶ የሰው ብጉርና ጠባሳ ከፎቶው ሲያጠፋ ያመሻል። ይህ ቀድሞ የአባዬ ሥራ ነበር። አባዬ ግን በዚያ ዓመት አምፖሉን ይሰድባል፤ "ይሄ አምፖል ደከመ" ይልና ይቀይረዋል፤ ሳምንት ሳይቆይ አዲሱም ይደክማል። እኔ ወንድም ጋሼ ከሒሳብ እየሸሸ የሚጫወት ይመስለኝ ነበር። የደከመው አምፖሉ አለመሆኑን ከኔ በቀር ሁሉም ያውቁ ኖሯል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

ይባስ ብሎ ጉርዱን አልነሳም አለ። አንዴ ፀጉሬን ልስተካከል ይላል፤ አንዴ ብጉሬ ይጥፋ ይላል፤ የሰፈሩን ብጉር ሁሉ የሚያጠፋው እሱ ሆኖ!

"የፎቶ አንሺ ልጅ ጉርድ አጥቶ ቀረ ሊባል ነው" አለ አባዬ።

"በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" አለች እማዬ።

የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ ሲል እማዬ ከጓዳ የድሮ ጉርዱን ፈልጋ አወጣችና ማመልከቻውን በሱ ላከችው። ያኔ ነው ጉዱ የፈላው። በዚያ ጉርድ ላይ ወንድም ጋሼ የለበሰው ሹራብ ነው። በሹራብ ኮሌጅ! አልጋዬ ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝ። ሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝና እማዬ ጉንፋን ነው ብላ ሎሚ አጠጣችኝ።

ስለዚህ ነገሩን እኔው ራሴ ያዝኩት። አንድ እሁድ ከሰዓት አባዬና እማዬ ዘመድ ጥየቃ ወጡ። ወንድም ጋሼ ለፈተናው ሊያጠና ፎቶ ማንሻው ክፍል ገባ፤ ጸጥ ያለው ክፍል እሱ ነው። አባዬ ራሱ የሳለው መጋረጃ ፊት፣ ዳክዬ ይሁን ዝይ ያልለየለት ወፍ የሚዋኝበት ሐይቅ ፊት፣ ትንሿን ጠረጴዛ አድርጎ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቼ በቀዳዳ ሳይ የሒሳብ መጽሐፉ ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል።

ኮቱን ከሚስማሩ አወረድኩ። በጣቴ ጫፍ እየሄድኩ ጀርባው ላይ ጣል አደረግሁለት፤ እጅጌው ውስጥ ክንዱን ለማስገባት ሞክሬ ሲያጉረመርም ተውኩት። ትርፉን እንደ አባዬ ሰብስቤ ያገኘሁትን መቆንጠጫ ሁሉ ሰካሁበት፤ አንዱ ጆሮውን ሊይዘው ለጥቂት ነው የተረፈው። ክራቫቱን አንገቱ ላይ ማሰር ስላልቻልኩ መጽሐፉ ላይ፣ አፍንጫው አጠገብ አጋደምኩት። ካሜራው ማቆሚያው ላይ ነው፤ መብራቱን እሱ ራሱ ለንባብ ብሎ አብርቶታል። አባዬ ሲያደርግ እንዳየሁት ከካሜራው የተንጠለጠለችውን የማንሻ ገመድ ጫፍ ይዤ በሹክሹክታ "አገጭ ቀና! ኮሌጁ እያየህ ነው!" አልኩና ቁልፏን ተጫንኩ። አገጩ ቀና አላለም፤ ምራቁ እንጂ መጽሐፉ ላይ ወርዷል። ቢሆንም ሥራው ተሠርቷል። ኮቱን መልሼ ሰቅዬ የዚያን ቀን እራቴን ግጥም አድርጌ በላሁ።

አባዬ ፊልሙን ያጠበ ዕለት ከጨለማው ክፍል ሳቅ ተሰማ።

"ቁንጫ! ነይ እስቲ! ይሄን ማነው ያነሳው?"

"እኔ አላነሳሁም፤ ግን አገጩን ቀና አላደርግ ብሎኝ ነው" አልኩት።

እርጥቡን ፎቶ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየው። ራቅ አደረገው። እንደገና አስጠጋው። "ጥርት ብሏል ወይስ ደብዝዟል? አንቺ ምን ይመስልሻል?" አለኝ። እኔ ፎቶ አንሺ ሆኜ የተማከርኩ መሰለኝና "ምራቁ ሳይቀር ይታያል" አልኩት። በሳቅ ፈነዳ። የጠየቀኝ ማየት አቅቶት እንደሆነ ማን ነግሮኝ!

በማግስቱ ያንን ፎቶ አሳድጎ መስታወቱ ውስጥ፣ ከመሃል፣ ለወንድም ጋሼ ብሎ ባዶ አስቀምጦት በከረመው ቦታ ሰቀለው። ግራና ቀኙ ያሉት ተማሪዎች አገጫቸውን ቀና አድርገው ሲያፈጡ፣ የኛው በሐይቁ ዳር ኮቱን ለብሶ ለሽ ብሏል። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ይስቃል። ወንድም ጋሼ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አየውና ፊቱ ተለዋወጠ።

"አባዬ፣ አውርደው።"

"ጉርድህን ተነሳና አወርደዋለሁ።"

"ኋላ ከምታወርደው አሁን አውርደው!"

አባዬ ወደ ሥራው ገባ። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ኋላ ለምን ይወርዳል? ከመስታወቱ የሚወርድ ሰው መቼ አይቼ!

አላየሁም፤ ምክንያቱም እተኛ ነበር። ውጤት በወጣ ቁጥር፣ በማግስቱ ገና መንገዱ በሰው ሳይሞላ፣ ያልገቡት ልጆች ፎቶ ከመስታወቱ ይወርዳል። አባዬ ይህን የሚያደርገው ለነሱው አዝኖ ነው፤ ማንም እየቆመ ጣቱን እንዳይቀስርባቸው። በርጩማ ላይ ወጥቶ የሚያወርዳቸውና መሳቢያ ውስጥ የሚከታቸው ደግሞ ላለፉት ዓመታት ወንድም ጋሼ ነበር። እያንዳንዳቸውን በእጁ ያውቃቸዋል። በዚያ ዓመት ከሚወርዱት አንዱ እሱ ሊሆን እንደሚችል ስለገባው ነው ካሜራ የሸሸው። እኔ የኮቱን የላብ ሽታ የጠላ ነበር የመሰለኝ።

ከፈተናው በኋላ ያለው ጊዜ አላልፍ አለ። እማዬ "ቂጣም ከሆነ ይጠፋል፣ ሽልም ከሆነ ይገፋል" እያለች ራሷን ታጽናናለች። እኔ አልተጨነቅሁም። ፍራሼን "ደህና ሁኚ" ማለት ጀምሬ ነበር።

ውጤቱ የወጣ ዕለት ወንድም ጋሼ ሲመሽ መጣና በቀጥታ ጨለማው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ምግብ አቀረበች፤ የበላ የለም። ለኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ልጃቸው ሊሄድባቸው ነው፤ መለየት ከብዷቸው ነው። ሰው ግን ማደግ አለበት ብዬ የሱንም ድርሻ በላሁለት።

በማግስቱ አልጋዬን ለመረከብ ከሁሉም ቀድሜ ተነሳሁ። ወንድም ጋሼ አልጋው ላይ የለም፤ ጨለማው ክፍል ወንበር ላይ ነው ያደረው። አባዬና እማዬ ግን ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ቆመዋል።

"በትንሽ ነው እኮ የቀረው" ይላል አባዬ። "ሒሳቡ ብቻ ነው የጎተተው። መቼ ያጥና? ሥራዬን ሲሠራልኝ እያመሸ! የኔን ዓይን ሆኖ ነው ልጁ የቀረው።"

"መነጽር አድርግ ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? 'መነጽር ባደረገ ፎቶ አንሺ ማን ይነሳል፣ ደንበኛ ይሸሻል' አልክ። ይኸው!"

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። በርጩማው ላይ ወጣና አንዷን ልጅ አወረደ። ቀጥሎ አንዱን ልጅ አወረደ። ከመሃል ሲደርስ እጁን ዘረጋ፤ የተኛው ወንድም ጋሼ ላይ አሳረፈው፤ ሳያወርደው መልሶ ሰበሰበው።  እማዬ ፊቷን አዞረች። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ እግሬ በረደኝ።

"ቁንጫ፣ ተነስተሻል? ነይ" አለኝ ሲያየኝ።  "ያንን የታችኛውን መሳቢያ ሳቢው። ውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ አቀብዪኝ።"

"ምን ልታደርግ ነው?" አለች እማዬ።

"የልጄን ትቼ የሰው ልጅ ላወርድ? የሰውስ ልጅ የማን ልጅ ነው?"

መሳቢያው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሁሉም ኮቱን ለብሰዋል። እኔ አቀብላለሁ፤ አባዬ ተቀብሎ አፍንጫው ድረስ ያስጠጋና "ይሄ ማነው?" ይለኛል። "የእንጨት ሻጩ ልጅ!" "ይቺስ?" "ፀጉር ሠሪዋ!" አሁን ያወረዳቸውን ሁለቱንም መለሳቸው። ቦታ ሲጠፋ አንዱን ባንዱ ላይ አነባበርን፤ መስታወቱ እስከ ጥጉ ሞላ። እማዬ ሙጫውን አመጣችልን።

እኔ ደስታዬ ወደር አጣ። እንዲህ ያለ ዓመት ታይቶ አይታወቅም! መስታወቱ ውስጥ የገባ ኮሌጅ ገባ፤ ይህ ያለቀ ነገር ነው። ሁሉም፣ የድሮዎቹ ሳይቀሩ፣ ባንድ ቀን ኮሌጅ ገቡ! እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ መንገድ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ዳቦ ጋጋሪውን ነበር። እኛ ልጆቹ ጋሽ ዱቄት እንለዋለን፤ ቅንድቡ ሁልጊዜ ነጭ ነው። መላጣ፣ የልጆች አባት፣ የዳቦ ሳንቃ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ያልፋል።

"ጋሽ ዱቄት! እንኳን ደስ ያለዎት! ኮሌጅ ገብተዋል!" ብዬ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ።

"ማን? እኔ?"

እጁን ይዤ እየጎተትኩ መስታወቱ ፊት አቆምኩት። ከላይ ከጥጉ፣ ሙሉ ፀጉር ያለው ቀጭን ልጅ ያንን ኮት ለብሶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ያየዋል። ጋሽ ዱቄት ሳንቃውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት።

"ጋሼ" አለው አባዬን፣ "እኔ እኮ ያን ጊዜ አልገባሁም። ተሳስተው እንዳይሆን።"

"አልተሳሳትኩም" አለ አባዬ፣ ከበርጩማው ላይ ሆኖ። "ፎቶው ጥሩ ነው። ጥሩ ፎቶ መሳቢያ ውስጥ መክረም አልነበረበትም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ጋሽ ዱቄት አለቀሰ። ዱቄት ባለበት እጁ ፊቱን ሲጠርግ እንባውና ዱቄቱ ሊጥ ሊሆን ምንም አልቀረው። እኔ ኮሌጅ መግባት እንደዚህ የሚያስለቅስ ከሆነ ወንድም ጋሼስ ቢደበቅ ይፈረድበታል ብዬ አሰብኩ።

"ታዲያ መቼ ነው የሚሄዱት? አልጋዎትን ማን ይወስደዋል?" አልኩት።

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ነች። ቀጥሎ ጋሽ ዱቄት፤ ሆዱን ይዞ። ያኔ የጨለማው ክፍል በር ተከፈተና ወንድም ጋሼ ዓይኑ አብጦ ወጣ። እኛን አልፎ መንገድ ላይ ወጣና መስታወቱን አየ። በእጁ ያወረዳቸውን ሰዎች ሁሉ አየ፤ ከመሃላቸው ራሱን፣ እንደተኛ። አባዬ ከበርጩማው ወርዶ፣ ተከትሎት ወጥቶ ትከሻውን ያዘው። ወንድም ጋሼም ግንባሩን አባዬ ደረት ላይ አስደግፎ ቆየ። ጋሽ ዱቄትም ወጥቶ የሳንቃውን ጨርቅ ገለጠና ለሁላችንም ትኩስ ዳቦ አደለን፤ እየበላን መስታወቱን ስናይ አረፈድን።

በዚያው ሳምንት አባዬ ወፍራም መነጽር አደረገ። አንድም ደንበኛ አልሸሸም። ወንድም ጋሼ እርሳሷን መለሰለትና ምሽቱን በሙሉ ለሒሳብ ሰጠ፤ በዓመቱ እንደገና ተፈትኖ ከመግቢያው ነጥብ ጥቂት ዘለል አድርጎ ገባ። አዲስ ጉርድ ይነሳ ሲባል አሁንም እምቢ አለ። "እኔ መስታወት ውስጥ አለሁ፤ ምራቄ ሳይቀር ይታያል" ይል ነበር።

እሱ በሄደ ዕለት ከትምህርት ቤት ሮጬ መጥቼ አልጋዬን ተረከብኩ። አንሶላውና ብርድ ልብሱ የሱ ስለነበሩ ለኔ እጅግ ይሰፋሉ። ይሰፉ ነበር ማለቴ ነው፤ ሳያቸው በኔ ልክ ጠበው፣ ተወጥረው፣ ተነጥፈዋል። ጎንበስ ብዬ ከግድግዳው በኩል ብመለከት ትርፉ ተሰብስቦ በልብስ መቆንጠጫዎች ተይዟል። ገብቼ ተጋደምኩ። ያን ያህል ስመኘው የኖርኩት አልጋ ላይ ሆኜ ወንድም ጋሼ አሁኑኑ ይመለስልኝ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ የአባዬ ጩኸት ተሰማ። ጉርድ ሊነሳ የመጣ ተማሪ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከበሩ ጀርባ ያለው ሚስማር ግን ባዶውን ነው። ወንድም ጋሼ ዛሬ ፀጉሩ የሸበተ መሐንዲስ ነው። ስለ ኮቱ በጠየቅሁት ቁጥር "የምን ኮት?" ይለኛል።